ክርክር፦ ጥለቱ በማሽን የታተመ ጨርቅ «በእጅ ያልተሸመነ» የሚል ምልክት ይኑረው?

አወያይ፦ የድሮውን ሽንሽን ጉርድ ለበዓል ቤታችን የምንሰፋ በዝተናል። ገበያው ላይ የሸማኔው ጨርቅና ጥለቱ የታተመበት ከውጭ የሚገባ ፖሊስተር ጎን ለጎን ተሰቅለው፣ ሁለቱም «የሐበሻ ልብስ» ተብለው ይሸጣሉ። የታተመው ላይ ምልክት እንዲኖር መንግሥት ያስገድድ? ከነምክንያታችሁ ጻፉ።

የሁለት ልጆች እናት፦ አልደግፍም። የሸማኔውን መግዛት የማይችል ሰው አለ። ለእንቁጣጣሽ ለሴቶች ልጆቼ በታተመው ሰፋሁላቸው፤ አምሮባቸዋል። ጨርቁ ሰፊ ስለሆነ መቀጣጠል የለም፣ ሲታጠብም አይሰበሰብም። ምልክት ለጠፋችሁበት ማለት ለባሿን ድሀ ናት ብላችሁ ጻፋችሁባት ማለት ነው።

የሸማኔ ልጅ፣ ልብስ ሰፊ፦ እህቴ፣ ልጆችሽ በጤና ይልበሱት። የሚከለክልሽ የለም፤ እኔ የምለው ሻጩ እውነቱን ይናገር ነው። ያደግሁት ሽሮ ሜዳ ነው፤ አባቴ ከጋሞ ደጋ የመጣ ሸማኔ ነው። የሸማ ስፋት የሚወሰነው ሸማኔው መወርወሪያውን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው በሚያቀብልበት ልክ ነው፤ 80 ሳንቲ ሜትር አካባቢ በይው። ወገቧ 75 ለሆነ ሴት ሙሉ ሽንሽን ሦስት እጥፉን፣ 225 ሳንቲ ሜትር ይፈልጋል። ስለዚህ ሦስት ቁራጭ ይያያዛል። ጥበቡ ያለው ቁራጩ ጫፍ ላይ ስለሆነ ከታች አይቆረጥም፤ ጉርዱ የሚያጥረው ከወገብ በኩል ነው። መጀመሪያ የሦስቱን ጥበብ መስመር ለመስመር ገጥመሽ በመርፌ ትይዣለሽ፣ ከዚያ እየሰፋሽ ወደ ላይ ትወጫለሽ። የጎኑ ጠርዝ ሲሸመን የተዘጋ ስለሆነ አይተረተርም፤ የተቆረጠውን ወገብ ግን መዘምዘም አለብሽ።

ይህን ሥራ የሚያውቅ ሰው ጨርቁን ገልብጦ ይለየዋል። የታተመው ጀርባው ገርጣ ይላል፤ የሸማው ጥበብ ክሩ ገብቶ ስለተሸመነ ከጀርባም በጣት ይዳሰሳል። ግን በፕላስቲክ ታሽጎ የተሰቀለ ልብስ ማን ይገለብጣል? ነጋዴው የታተመውን በሸማ ዋጋ ይሸጣል፤ አባቴን ደግሞ «በታተመው ዋጋ ሽጥልኝ» ይለዋል። አባቴ አዲስ ጥለት አውጥቶ ገና በቅጡ ሳይሸጥበት ታትሞ ገበያ ላይ አግኝተነዋል። ይህ ያመኛል።

ከዋሽንግተን፦ እዚህ የምንገዛው በስልክ ፎቶ አይተን ስለሆነ መገልበጥ ጭራሽ የለም። በስኮትላንድ ደሴቶች ለሚሸመነው ሐሪስ ትዊድ ለሚባል የሱፍ ጨርቅ የብሪታንያ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1993 ሕግ አውጥቷል፤ በደሴቶቹ ነዋሪዎች ቤት በእጅ ያልተሸመነ በዚያ ስም አይሸጥም። በዚህ ሕግ ማንም ሌላ ጨርቅ ከመልበስ አልታገደም። እኛም ብንሆን ለሲዳሞ፣ ለሐረርና ለይርጋ ጨፌ ቡና ስም ተሟግተን በ1999 ዓ.ም. ከአሜሪካው ቡና ሻጭ ኩባንያ ከስታርባክስ ጋር ስምምነት ላይ ደርሰናል። ለቡና የተደከመውን ያህል ለሸማ አለመደከሙ ያሳዝነኛል።

ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ፦ ማን ይቆጣጠራል? የተለጠፈ ምልክት ማታውን ይነቀላል። ደግሞስ አሁን ብዙው ሸማ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፤ እሱን ምን ልትሉት ነው?

የሸማኔ ልጅ፦ ድሩ ከፋብሪካ መምጣቱን ማንም አልደበቀም፤ ምልክቱ የሚናገረው ስለ ሽመናው ነው። የተለጠፈ ወረቀት ይነቀላል ላልከው ልክ ነህ፤ ስለዚህ ጠርዙ ላይ ይታተም። የሆላንድ ዋክስ የሚባለው፣ ምዕራብ አፍሪካውያን የሚለብሱት ባለ ሥዕል የጥጥ ጨርቅ፣ የአምራቹ ስም ጠርዙ ላይ ታትሞበት ነው የሚሸጠው። ጥለቱን የሚያትም ማሽን ሁለት ቃል ማተም አያቅተውም። ሰፊዋ ጠርዙን ስፌቱ ውስጥ ታስገባዋለች፤ ለባሿ ላይ አይታይም፣ ገዢ ግን ከፈለገ ያገኘዋል።

የሁለት ልጆች እናት፦ ስፌት ውስጥ የሚገባ ከሆነ እቀበላለሁ። ቀረጥ ጨምረው ዋጋውን የሚያንሩብን ከሆነ ግን አሁንም ተቃዋሚ ነኝ።