አንድ ባለቤት፣ ሦስት ጣቢያ፣ ተመሳሳይ ሙዚቃ፦ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል?

አወያይ፦ የዛሬው መከራከሪያችን ይህ ነው። አንድ ኩባንያ በአንድ ከተማ ውስጥ ሁለት ሦስት ኤፍኤም ጣቢያ ይይዛል። የጣቢያዎቹ ስም ይለያያል። የሚያጫውቱት ሙዚቃ ግን ተቀራራቢ ነው፣ አድማጫቸውም እንደዚያው። ይህ ሊፈቀድ ይገባል? መሳደብ የለም። ምክንያት ያለው ይናገር።

የማለዳ አድማጭ፦ በፍጹም አይገባም። ፍሪኩዌንሲ የሕዝብ ሀብት ነው፣ ቁጥሩም ውስን ነው። አንዱ ሲይዘው ሌላው ያጣዋል። ድረ ገጽ ቢሆን ማንም ተነስቶ ሌላ ይከፍታል፤ ሬዲዮ ላይ ያ የለም። ጣቢያ በቀየርኩ ቁጥር ያው ዘፈን ከጠበቀኝ፣ ሰውየው የቀሩትን ሁለት ፍሪኩዌንሲዎች ለምን ያዘ?

ኢኮኖሚስቷ፦ ጥያቄህ ተገቢ ነው። ግን መልሱ እንደምትገምተው ላይሆን ይችላል። ፒተር ስታይነር የተባለ ኢኮኖሚስት እ.ኤ.አ. በ1952 ይህንኑ አስቦበታል። ሐሳቡን በራሴ ቁጥር ላስረዳ። ከ100 አድማጭ 80ው ፖፕ፣ 20ው ጃዝ ይወዳሉ እንበል። ሦስት የተለያዩ ባለቤቶች ካሉ ሦስቱም ፖፕ ያጫውታሉ። ምክንያቱም 80ውን ለሦስት ሲካፈሉ ለእያንዳንዳቸው 27 ገደማ ይደርሳል። ጃዝ የመረጠ ግን 20 ብቻ ያገኛል። ስለዚህ ጃዝ ወዳዱ ባዶ እጁን ይቀራል። ሦስቱም ጣቢያዎች የአንድ ሰው ቢሆኑስ? የራሱን አድማጭ ከራሱ መሻማት ምን ይጠቅመዋል? አንዱን ፖፕ፣ ሌላውን ጃዝ ያደርግና መቶውንም ይሰበስባል። ወሬ ብቻ አይደለም። ቤሪና ዋልድፎገል የተባሉ ኢኮኖሚስቶች እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት ጥናት፣ የአሜሪካ ጣቢያዎች በጥቂት ባለቤቶች እጅ ሲጠቃለሉ ከጣቢያዎቹ ቁጥር አንጻር የፎርማቱ፣ ማለትም ጣቢያው የሚከተለው የሙዚቃ ወይም የፕሮግራም ዘርፍ፣ ዓይነት መጨመሩን አይተዋል።

የስቱዲዮ ሰው፦ እህቴ፣ ሒሳብሽ የሚሠራው ሰውየው ከተማውን ብቻውን ከያዘ ነው። ተፎካካሪ ካለ ጨዋታው ሌላ ነው። ሬዲዮ ውስጥ የሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ኩባንያው አንድ ዋና ጣቢያ አለው፣ ገንዘቡ የሚመጣው ከዚያ ነው። አንድ ቀን ሌላ ባለቤት ተመሳሳይ ሙዚቃ ይዞ ብቅ ይላል። ኩባንያው ዋናውን ጣቢያ አይነካካም። ሁለተኛውን ጣቢያ ነው ወደ አዲሱ መጤ የሚያስጠጋው። ትንሽ ወጣ ያለ፣ ትንሽ ፈጠን ያለ ያደርገዋል። ይህ ሁለተኛ ጣቢያ አትራፊ መሆን የለበትም። ሥራው የመጤውን አድማጭ መቁረስ ነው። መጤው ማስታወቂያ አጥቶ እስኪዘጋ ወይም ፎርማት እስኪቀይር ይጠብቃሉ። አንድ ጣቢያ ብቻ ያለው ሰው ይህን እንዴት ይቋቋማል? ኪሳራውን የሚሸፍንለት ሌላ ጣቢያ የለውም።

ኢኮኖሚስቷ፦ ይህንንም የሚደግፍ ጥናት አለ። አንድሩ ስዊቲንግ እ.ኤ.አ. በ2010 ያሳተመው ነው፣ በቀጥታ የሙዚቃ ሬዲዮን ይመለከታል። አንድ ኩባንያ ተፎካካሪ የነበሩ ጣቢያዎችን ሲገዛ የዘፈን ዝርዝራቸውን ያራርቃቸዋል። እስከዚህ ድረስ ከስታይነር ጋር ይሄዳል። ነገር ግን ጣቢያዎቹ እርስ በርስ ሲራራቁ ወደ ሌሎች ባለቤቶች ጣቢያ ይጠጋሉ። በድምሩ የሙዚቃው ዓይነት አልጨመረም። ያገኙት አዲስ አድማጭም ከተፎካካሪዎቹ የተወሰደ ነው። ሁለቱን ጥናቶች አብራችሁ አንብቡ። አንደኛው የፎርማት ስም ይቆጥራል፣ ሁለተኛው ዘፈን።

ሙዚቀኛዋ፦ ይኼ ነገር ቁልፍ ነው! የፎርማት ስም አያታልላችሁ። አንዱን "የዛሬ ተወዳጅ" ይሉታል፣ ሌላውን "ለአዋቂዎች"፣ ሌላውን "ሪትም"። አሜሪካ ውስጥ የሙዚቀኞች መብት ላይ የሚሠራ አንድ ጥምረት እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣው ዘገባ፣ ስማቸው በሚለያይ ፎርማቶች መካከል እስከ 76 በመቶ የሚደርስ የዘፈን መደራረብ አግኝቷል።

ከእኛ ወገን ደግሞ እንዲህ ነው የሚታየው። አዲስ ሥራ ይዤ ጣቢያ እሄዳለሁ። አንዱ አልወደደውም። ምንም አይደለም፣ ጣዕም ነው፤ ሌላው ጋ እሄዳለሁ። ግን ሌላውም የዚያው ኩባንያ ነው፣ ዘፈን የሚመርጠውም ያው ሰው ነው። ሦስተኛውም እንደዚያው። አንድ "አይሆንም" በሦስት ይባዛል። ያ ሰው ክፉ መሆን የለበትም። የእሱ ጆሮ የከተማው ሁሉ ጆሮ መሆኑ ነው ችግሩ። ድሮ ሦስት ሰው ማሳመን ይጠበቅብኝ ነበር፣ ሦስት ዕድልም ነበረኝ።

የድሮው ቴክኒሺያን፦ ልጆቼ፣ ስለ ወጪም አንድ ነገር ልበል። ትራንስሚተር አለ፣ የአንቴና ማማ አለ፣ ጄኔሬተር አለ፣ ሌሊት ስልክ ሲደወልለት የሚነሳ ባለሙያ አለ። አንድ ጣቢያ ይህን ሁሉ ለብቻው ሲሸከም ወገቡ ይጎብጣል። ሦስቱ በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ የቴክኒክ ክፍል፣ በአንድ የሽያጭ ቡድን ሲሠሩ ይተነፍሳሉ። ማስታወቂያ ደግሞ ወደ ኢንተርኔት እየሄደ ነው። ጣቢያዎቹን ብትበታትኗቸው ይዘጋሉ። የተዘጋ ጣቢያ ደግሞ ምንም ዘፈን አያሰማም።

የስቱዲዮ ሰው፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው፣ ግን የተጠራቀመው ቁጠባ የት ገባ? የአሜሪካው ሕግ እ.ኤ.አ. በ1996 አንድ ባለቤት በአገር አቀፍ ደረጃ በሚይዘው ጣቢያ ቁጥር ላይ የነበረውን ገደብ ሲያነሳ ክሊር ቻናል የተባለው የሬዲዮ ኩባንያ ከ40 ገደማ ተነስቶ ከ1,200 በላይ ጣቢያ ያዘ። በኋላ ስሙን አይኸርትሚዲያ ብሎ ቀየረ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ 20 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ዕዳ ተሸክሞ የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ። ሌላው የሬዲዮ ኩባንያ ኩሙለስም ከእሱ ጥቂት ወራት ቀድሞ ያንኑ አድርጓል። ከስቱዲዮ የተቀነሰው ሰው ጣቢያዎቹን አላዳናቸውም። ጣቢያ ለመግዛት የተበደሩት ብድር ነው የበላቸው። በአቅራቢው ቦታ ደግሞ ቀድሞ የተቀዳ ድምፅ ገባ። ከተማዋን ረግጧት የማያውቅ ሰው "እንደምን አደራችሁ" ይላል።

የማለዳ አድማጭ፦ የሚኖትን ነገርም አንርሳ። እ.ኤ.አ. ጥር 2002 በሰሜን ዳኮታዋ ሚኖት ከተማ አቅራቢያ አሞኒያ የጫነ ባቡር ከሐዲድ ወጣ፣ መርዙ አየሩን ሞላው፣ ሰው ሞተ። የከተማዋ ስድስት የንግድ ጣቢያዎች በሙሉ የክሊር ቻናል ነበሩ። ፖሊስ ሕዝቡን ለማስጠንቀቅ ጣቢያው ደውሎ የሚያነሳ አጣ።

የድሮው ቴክኒሺያን፦ እውነት ነው፣ ግን ሙሉውን ንገር እንጂ። ኩባንያው ጥፋቱ የፖሊስ ነው ብሏል፤ የአደጋ ማስጠንቀቂያውን ሥርዓት በትክክል አልተጠቀሙበትም በማለት። እርስ በርስ ተወቃቅሰዋል። ደግሞስ ስድስት ባለቤት ቢኖርም በዚያ ሌሊት ስድስቱም ጋ ሰው ላይኖር ይችል ነበር። ይህን ለባለቤትነት ክርክር ማስረጃ ለማድረግ እጠነቀቃለሁ።

የማስታወቂያ ገዢ፦ ሁላችሁም ስለ ዘፈን ታወራላችሁ። ሕጉ ግን ብዙ ጊዜ የሚያየው እኔን ነው። እንግሊዝ ውስጥ ግሎባል የተባለው የሬዲዮ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2012 የጋርዲያን ሚዲያ ግሩፕን ጣቢያዎች ሲገዛ፣ የውድድር ኮሚሽኑን ያሳሰበው በአንዳንድ አካባቢዎች የማስታወቂያ ዋጋ ሊንር መቻሉ ነው። ስለዚህ አንዳንድ ጣቢያዎች እንዲሸጡ ወሰነ። ትክክል ነው እላለሁ። ወጣት አድማጭ የምፈልግ ከሆነና ወጣት የሚሰማቸው ጣቢያዎች በሙሉ የአንድ ሰው ከሆኑ በምን እደራደራለሁ? ሌላ ጋ እሄዳለሁ ማለት አልችልም። ተመሳሳይ ፎርማት የያዘ ኩባንያ የተለያየ ፎርማት ከያዘው ይልቅ የሚያስፈራኝ ለዚህ ነው። ሦስት ጣቢያ ቢኖረውም አንዱ ዜና፣ አንዱ ስፖርት፣ አንዱ ሙዚቃ ከሆነ የእኔን ደንበኛ ብቻውን አልያዘም።

አወያይ፦ ወደ መፍትሔው እንሂድ። ፎርማቱን ሕግ ይወስነው?

ኢኮኖሚስቷ፦ ከባድ ነው። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1981 ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት የፎርማት ለውጥን ለገበያው መተው ይችላል ብሏል። እኔም መንግሥት "ይህን ዘፈን አጫውት" እንዲል አልፈልግም። ዛሬ ስለ ጃዝ ይወስናል፣ ነገ ስለ ግጥሙ። የሚያስኬደው ቁጥሩን መገደብ ነው። በ1996ቱ ሕግ መሠረት 45 እና ከዚያ በላይ ጣቢያ ባለበት ገበያ አንድ ባለቤት እስከ 8 ይይዛል፣ ከነዚያ ኤፍኤም ከ5 አይበልጥም።

ሙዚቀኛዋ፦ አምስት ኤፍኤም! አምስቱንም ለአንድ ዓይነት አድማጭ ቢያደርጋቸው ሕጉ ምን ይለዋል? ምንም። ለእኔ በሙዚቃ ኤፍኤም ላይ ጣሪያው ሁለት ይሁን። ሁለተኛው ፈቃድ ሲሰጥ ደግሞ ኩባንያው የሁለቱን ጣቢያዎች የዘፈን ዝርዝር በየዓመቱ በይፋ ያውጣ። መንግሥት ዘፈን አይምረጥ። ሕዝቡ ግን ምን ያህሉ አንድ ዓይነት እንደሆነ ይይ።

የማለዳ አድማጭ፦ እስማማለሁ። ከሁለት በላይ የያዘውን ጣቢያ ይሽጥ።

የስቱዲዮ ሰው፦ ሽያጩ ብቻውን አይበቃም። ያ የእንግሊዙ ውሳኔ እንዴት እንዳለቀ ተመልከቱ። ግሎባል እ.ኤ.አ. በ2014 ስምንት ጣቢያዎችን ኮሙኒኮርፕ ለተባለ ሌላ ኩባንያ ሸጠ። ባለቤቱ ተቀየረ። የአካባቢውን ማስታወቂያ የሚሸጠው አዲሱ ሰው ሆነ፣ ስለዚህ ለማስታወቂያ ገዢው ነገሩ መልካም ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ከጣቢያዎቹ አብዛኞቹ በውል ሃርት፣ ካፒታልና ስሙዝ የሚለውን የግሎባልን ስም ይዘው ቀጠሉ፣ አብዛኛው ፕሮግራምም ከግሎባል መጣ። አድማጩ ጆሮ የሚደርሰው ዘፈን በአብዛኛው ያው ነው። ስለዚህ ጣሪያ ካወጣን የባለቤትነት ወረቀቱን ብቻ አንቁጠር። ሌላ ጣቢያ ስሙንና ፕሮግራሙን ከአንድ ኩባንያ በውል የሚወስድ ከሆነ፣ ያ ጣቢያ ከዚያው ኩባንያ ጋር ይቆጠር።