ላፓራስኮፒ ላይ ካሜራ መያዝ አቃተኝ፣ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የሕክምና ተማሪ ነኝ፤ ቀዶ ሕክምና ክፍል ከገባሁ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። የሐሞት ከረጢት በላፓራስኮፒ (በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና መሣሪያ አስገብቶ በሚሠራ ቀዶ ሕክምና) ሲወጣ ካሜራ እይዛለሁ። ቀጥታ ወደ ፊት የሚያሳየው ባለ 0 ዲግሪ ሌንስ አይከብደኝም፤ ያስቸገረኝ አጋድሎ የሚያሳየው ባለ 30 ዲግሪው ነው። የካሜራው ራስ ቀጥ ብሎ እንዲቆይ፣ ሌንሱ የሚያይበትን አቅጣጫ ለመቀየር የመብራቱን ገመድ ብቻ እንዳዞር ተነግሮኛል፤ ይገባኛልም። ግን "ከጎን አሳየኝ" ስባል እጄ ሁለቱንም አብሮ ያዞራል፤ ስክሪኑ ላይ ጉበቱ ይጋደማል። ትናንት ሐኪሙ ክሊፕ (ቱቦውን ቆንጥጦ የሚዘጋውን) ሊያስገቡ ሲሉ ምስሉ ተንጋደደባቸው። እጃቸውን አቁመው ጠበቁኝ። ለታካሚዋ በጣም ፈራሁ። ሌንሱ ሲደበዝዝ በሞቀ ውሃ ማጽዳቱን ለምጄዋለሁ፤ ይሄኛው ግን አልሆን አለኝ።

ገመዱን በየትኛው እጃችሁ ነው የምታዞሩት? ያለ ሲሙሌተር የምለማመድበት መንገድ ካለስ? ሰኞ ተመልሼ እገባለሁ።