ክሊፕ ማክሮ ሌንስ ለስልክ፦ የስንዴ ዋግ ፎቶ ዙሪያው ይጠቁራል፣ መሃሉም አይጠራም

የጢዮ ስንዴ (ጠያቂ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሥራው ከማሳ ላይ የስንዴ ዋግ (የፈንገስ በሽታ) ፎቶ አንስቶ ለሰብል ጥበቃ ባለሙያ በቴሌግራም መላክ ነው። ስልኩ ሳምሰንግ ኤ14 ሲሆን ከኋላ 3 ካሜራ አለው። ስልኩ ላይ ቆንጥጦ በሚያዘው ክሊፕ ሌንስ ላይ «0.45 ዋይድ» (ሰፊ ዕይታ) እና «15 ማክሮ» (የቅርብ ማጉያ) የሚል ተጽፏል። ያስቸገሩኝ ነገሮች፦ ፎቶው ዙሪያውን ጥቁር ክብ ይሠራል፤ ወደ ቅጠሉ ስጠጋ ጭራሽ ፎከስ አይዝም፤ ደግሞ ፎቶው የደረሳቸው ሰዎች ቢጫ ዋግ ይሁን የቅጠል ዋግ መለየት አልቻልንም ይላሉ። ስልኩ ራሱ ማክሮ ካሜራ ካለው ሌንሱ ለምን ያስፈልጋል? ወይስ እንደ ሶኒ ኪው ኤክስ 10 ያለ፣ ስልክ ላይ የሚገጠም ሙሉ ካሜራ መፈለግ ይሻላል?

ሌንስና ብርሃን፦
እህቴ፣ ከፎከሱ ልጀምር። «0.45 ዋይድ እና 15 ማክሮ» የሚባለው ዕቃ ሁለት ሌንስ ተደራርቦ በጥርስ የታሰረ ነው። አንድ ላይ እንዳሉ የሚሠራው ዋይዱ ብቻ ነው። ማክሮውን ለማግኘት ከፊት ያለውን ትልቁን መስታወት ወደ ግራ አዙረሽ ፍቺው። ክሊፑ ላይ የሚቀረው ትንሹ መስታወት ማክሮው ነው። ይህን ባለማወቅ «የተበላሸ ዕቃ ሸጡልኝ» ብሎ የሚመልሰው ሰው ብዙ ነው።

ቀጥሎ ርቀቱ። ማክሮ ሌንስ በጣም ጠባብ በሆነ ርቀት ላይ ብቻ ነው ጥርት የሚለው። 250ን ሌንሱ ላይ ለተጻፈው ቁጥር አካፍዪ፤ የሚመጣው ርቀቱ ነው፣ በሚሊ ሜትር። ለ15 ወደ 17 ሚሊ ሜትር፣ ለ10 ደግሞ 25 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ርካሽ ሌንሶች ላይ ቁጥሩ ተጋኖ ሊጻፍ ስለሚችል በማስመሪያ አረጋግጪው፦ ማስመሪያውን ጠረጴዛ ላይ አድርጊ፣ ሌንሱን እስኪነካው አስጠጊ፣ ከዚያ የሚሊ ሜትር መስመሮቹ እስኪጠሩ ድረስ ቀስ እያልሽ ወደኋላ ሳቢ። የጠራበት ቦታ የሌንስሽ ርቀት ነው። ከዚያ ወዲያ በ5 ሴንቲ ሜትር ርቀት ላይ ሆነሽ ስክሪኑን ደጋግመሽ ብትነኪው ምንም አይመጣም።

ማሳ ላይ ስትሆኚ ስክሪኑን ጫን አድርገሽ ያዢና ፎከሱን ቆልፊው። ከቆለፍሽ በኋላ ፎከስ የምትፈልጊው በጣትሽ ሳይሆን ስልኩን ወደፊትና ወደኋላ በማንቀሳቀስ ነው። በዚህ ርቀት ጥርት ብሎ የሚወጣው የጥልቀት መጠን ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳን አይሞላም፤ ስለዚህ ቅጠሉ ትንሽ ከታጠፈ ግማሹ ይደበዝዛል። ቅጠሉን ጠፍጣፋ ነገር ላይ ዘርጊ፣ ስልኩን ከሱ ጋር እኩል አጋድሚ፣ ከ8 እስከ 10 ፎቶ በተከታታይ አንሺና የጠራውን ምረጪ።

ሞባይል ጠጋኝ፦
ስለ ጥቁሩ ክብ። ዋናው ምክንያት ሌንሱ የሚያነሳው ካሜራ ላይ በትክክል አለመቀመጡ ነው። ከሦስቱ የትኛው ዋናው እንደሆነ ለማወቅ ካሜራውን ከፍተሽ 1 ኤክስ ላይ አድርጊና ሦስቱን በየተራ በጣትሽ ሸፍኚ። ስክሪኑ የሚጨልመው ዋናው (50 ሜጋ ፒክስል) ካሜራ ሲሸፈን ነው። ክሊፑን እሱ ላይ አድርጊ፣ መሃል ለመሃል። ክቡ በአንድ በኩል ከወፈረ ስክሪኑን እያየሽ ሌንሱን ወደዚያው ወደ ወፈረበት በኩል ገፋ አድርጊው፤ ካልተስተካከለ መልሺው። እየተመለከትሽ በ1 ሚሊ ሜትር ልክ ማንቀሳቀስ ይበቃል።

ሁለተኛ፣ ከቨሩን አውልቂ። ከቨር ሌንሱን ከካሜራው ያርቀዋል፣ በራቀ ቁጥር ጥግ ጥጉ ይቆረጣል። ሦስተኛ፣ 0.5 ላይ ከሆነ የሚያነሳው ሰፊው ካሜራ ስለሆነ የሌንሱን ቀለበት ጭምር ያያል፤ 0.5ን ጨርሶ አትንኪ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጥጉ ላይ የሚቀር ጥቁር ካለ ዙሙን 1.5 ወይም 2 አድርጊው። ኤ14 የቴሌ (ሩቁን የሚያቀርብ) ካሜራ ስለሌለው በ2 ላይም የሚሠራው ያው ዋናው ካሜራ ነው፣ ወደ ሌላ አይዘልም።

ክሊፑ እየተንሸራተተ ካስቸገረ ጎማ ላስቲክ አንድ ዙር ጠምጥሚበት። ትክክለኛ ቦታውን ካገኘሽ በኋላ የስልኩ ጀርባ ላይ በትንሽ ፕላስተር ምልክት አድርጊ፣ ማሳ ላይ ከመፈለግ ያድናል። ማግኔት ባለው ቀለበት የሚጣበቁትን ሌንሶች ግን አልመክርም። ጠንካራ ማግኔት ካሜራው አጠገብ ሲሆን የፎከሱንና የምስል ማረጋጊያውን ሥራ ሊያውክ እንደሚችል አፕል ራሱ ያስጠነቅቃል።

ማክሮ ወዳጅ፦
«ስልኩ ራሱ ማክሮ አለው» ላልሽው፦ ያ ካሜራ 2 ሜጋ ፒክስል ነው፣ ፎከሱም ቋሚ ነው። ልዩነቱን በስሌት እዪው። ዋናው ካሜራ ያለ ሌንስ ከ10 ሴንቲ ሜትር ላይ ሲያነሳ 1 ሚሊ ሜትር የሆነች የዋግ እብጠት ፎቶው ላይ የምትይዘው ወደ 30 ፒክስል ነው። 2 ሜጋ ፒክስሉ ከ4 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢያነሳም ከዚያ ብዙም አይበልጥም። 15 ማክሮ ዋናው ካሜራ ላይ ሲገጠም ግን ፎቶው የሚይዘው ቦታ ስፋት 2.2 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚሆን ያችው እብጠት 180 ፒክስል አካባቢ ታገኛለች። ዋግ ለመለየት የሚበቃው ይህ ነው። የፎቶው ዳር ዳር ሁልጊዜ ይደበዝዛል፣ ሐምራዊ ጥላም ያሳያል፤ የርካሽ ሌንስ ባሕርይ ነው። የምትፈልጊውን መሃል ላይ አድርጊና ዳሩን እርሺው።

ኪው ኤክስ 10 የ2013 ዕቃ ነው። 18 ሜጋ ፒክስል የራሱ ሴንሰር፣ የራሱ ባትሪና ሚሞሪ ካርድ አለው፤ ስልኩ ስክሪን ብቻ ነው የሚሆንለት፣ የሚገናኙትም በዋይፋይ ነው። ምስሉ ስክሪኑ ላይ ዘግይቶ ይመጣል፣ ግማሽ ሚሊ ሜትር ጥልቀት ባለበት ሥራ ደግሞ ይህ መዘግየት ያናድዳል። ምርቱ ከቆመ ቆይቷል፤ ያገለገለ ባትሪና አፕ ፍለጋ መዞር ለዚህ ሥራ አያዋጣም።

የጢዮ ስንዴ (ጠያቂ)፦
እግዜር ይስጥልኝ። መስታወቱ ተፈታ፣ ክቡም ጠፋ። አሁን የቀረው ነፋሱና ጥላው ነው፤ ስልኩ ቅጠሉ ላይ ስለሚደፋ ይጨልማል፣ ፍላሽ ሲበራ ደግሞ ግማሹ ነጭ ይሆናል።

ሰብል ጥበቃ፦
ፍላሹን አጥፊው። ሌንሱ 17 ሚሊ ሜትር ላይ ሲሆን የፍላሹን ብርሃን ራሱ ይጋርደዋል፣ የደረሰው ደግሞ በአንድ ወገን ያቃጥላል።

የ20 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ውሰጂ፣ አዲስና መርፌ የሌለው። ጫፉን ቁረጪና ከግልጹ ቱቦ 17 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው ቀለበት አውጪ፤ የራስሽ ሌንስ በማስመሪያ ሲለካ 20 ከመጣ 20 አድርጊው። ጠርዙን በአሸዋ ወረቀት አለስልሺ፣ ሌንሱ ዙሪያ ላይ በፕላስተር ያዢው። የሌንሱ ቀለበት ከቱቦው ከሰፋ ሌላ ግልጽ ፕላስቲክ ጠቅልለሽ መሥራት ይቻላል። አሁን ቀለበቱ ቅጠሉን ሲነካ ርቀቱ በራሱ ልክ ነው፣ ቅጠሉንም ጠፍጥፎ ስለሚይዝ ነፋሱ አያስቸግርም። ብርሃን በጎኑ ይገባል። ፀሐዩ ከበረታ ዙሪያውን አንድ ድርብ ሶፍት ጠቅልዪበት፣ ብርሃኑን ያለሰልሰዋል። ነጭ ወረቀት ከቅጠሉ ሥር ካደረግሽ ደግሞ ከታች ያንጸባርቃል። ብቻ ቀለበቱን አጥብቀሽ አትጫኚ፤ የዋጉን ዱቄት ይጠርገዋል፣ ወደሚቀጥለው ማሳም ይዘሽው ትሄጃለሽ። በየማሳው መሃል በአልኮል ጥረጊው።

ፕሮ ሞድ ላይ አይ ኤስ ኦ ከ100 እስከ 400፣ ሹተር የሚመረጥ ከሆነ 1/250 ወይም ከዚያ የፈጠነ። ነጭ ሚዛኑን ቀን ላይ 5500 ኬልቪን ላይ አቁሚው፣ አውቶ አታድርጊ፤ ቀለሙን የሚያደምቀው «ሲን ኦፕቲማይዘር» ስልክሽ ላይ ካለም አጥፊው። ምክንያቱም እዚህ ቀለሙ ራሱ መረጃ ነው። ቢጫ ዋግ ቢጫ ወደ ብርቱካን የሚያደላ ሲሆን ባደገ ቅጠል ላይ የቅጠሉን ደም ሥር ተከትሎ ይሰለፋል። የቅጠል ዋግ ብርቱካን ወደ ቡናማ ነው፣ ክብ ክብ ሆኖ ያለ ሰልፍ ይበተናል፣ በአብዛኛው የቅጠሉ የላይኛው ገጽ ላይ። የግንድ ዋግ ጠቆር ያለ ቀይ ቡናማ፣ ረዘም ያለ ነው፤ ቆዳውን ቀዶ ይወጣል፣ የተቀደደው ጠርዝ በማክሮ ፎቶ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ገና በበቀለ ችግኝ ላይ ቢጫ ዋግም ላይሰለፍ ስለሚችል በሰልፉ ብቻ አትፍረጂ።

ለአንድ ማሳ አራት ፎቶ በቂ ነው፦ ማሳው ከሩቅ፣ ሙሉ ተክሉ ያለ ሌንስ፣ የቅጠሉ የላይኛው ገጽ በማክሮ፣ የታችኛው ገጽ ወይም ግንዱ በማክሮ። ከማክሮዎቹ አንዱ ላይ ማስመሪያ ይግባ። ባለሙያዎቹ «አይለይም» ያሉት ቅርቡ ብቻ ስለደረሳቸውም ሊሆን ይችላል፤ ሰልፉ የሚታየው ትንሽ ራቅ ሲባል ነው።

ቴሌግራም ላይ ደግሞ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኪ። እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል፣ ያ 180 ፒክስል የት እንደገባ አይታወቅም። የተነሳበት አካባቢም ከፎቶው ጋር ላይደርስ ስለሚችል ቀበሌውን፣ የስንዴውን ዝርያና ቀኑን ከሥሩ ጻፊ።

ዲሲ ካሜራ፦
አይፎን 13 ፕሮና ከዚያ ወዲህ ያሉት ፕሮዎች ላላችሁ፦ ስልኩ ወደ ዕቃው ሲጠጋ በራሱ ወደ ሰፊው ካሜራ ይዘላል፣ ክሊፕ ሌንሱ ያለበት ዋናው ካሜራ ይቀራል። ሴቲንግ ውስጥ ካሜራ ላይ ገብታችሁ «ማክሮ ኮንትሮል»ን አብሩ። ስትጠጉ የአበባ ምልክት ይመጣል፤ እሱን ነክታችሁ አጥፉት።

የጢዮ ስንዴ (ጠያቂ)፦
አንድ ነገር ልጨምር፦ የዋጉን ዘር ዓይነት (የፈንገሱን ንዑስ ዓይነት) በዚህ ፎቶ ማወቅ ይቻላል?

ሰብል ጥበቃ፦
አይቻልም። ፎቶው ቢጫ፣ የቅጠል ወይም የግንድ መሆኑን ነው የሚነግርሽ። የዘሩ ዓይነት የሚለየው ላቦራቶሪ ውስጥ በናሙና ነው። ለናሙና ዱቄቱ ያለበትን ቅጠል ወይም ግንድ ቁረጪ፣ በወረቀት ፖስታ ውስጥ አድርጊ፣ ጥላ ላይ ይድረቅ። ፌስታል ውስጥ እንዳታደርጊ፤ ያልበዋል፣ ይሻግታል። ፖስታው ላይ የጻፍሽው ቁጥርና የፎቶው ፋይል ስም አንድ ይሁኑ።