የጋራ ፕሮፖዛል፦ በምንጭ ውሃ ላይ የጥገኛ ተውሳክ ምርመራ (የላቦራቶሪ ባለሙያዎች የዕቅድ ውይይት፤ ተናጋሪዎቹ በየቦታቸው ስም ተጠርተዋል)

ደብረ ብርሃን፦ ረቂቁ ይኸው። ከየወረዳው ምንጭ 10 ሊትር ይቀዳል፣ ይጣራል፣ በሴንትሪፊውጅ (ዝቃጭ በሚለየው ማሽን) ይዞራል፣ ዝቃጩ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የምንፈልጋቸው ተቅማጥ አምጪዎቹን ጃርዲያና ክሪፕቶ (ክሪፕቶስፖሪዲየም) ነው፤ ማቅለሚያው ለጃርዲያ አዮዲን፣ ለክሪፕቶ ሞዲፋይድ ዚል ኔልሰን። ሐሙስ ይገባል። እንዳምናው እንዳታስቀሩን።

መሐል ሜዳ፦ ገጽ 3 ላይ «ያገለገለ የዘይት ጀሪካን» ብሎ የጻፈው ማነው?

ደብረ ብርሃን፦ እኔ። ርካሽ ነው።

መሐል ሜዳ፦ ቅባቱ ማጣሪያውን ይደፍነዋል!

ሸዋ ሮቢት፦ በፈላ ውሃና በሳሙና ይታጠባላ። አገሩ በምን ይቀዳል?

መሐል ሜዳ፦ ለመጠጥና ለምርመራ አንድ ነው እንዴ? ጀሪካኑ ላይ ተጣብቆ የሚቀረውስ?

ሸዋ ሮቢት፦ ይለቀለቅና ዕጣቢው አብሮ ይጣራል። አለቀ።

እነዋሪ፦ አዲስ ይገዛ ካላችሁ የሚቆረጠው የኛ ትራንስፖርት ነው። እንደ ሁልጊዜው።

ደብረ ብርሃን፦ ማን ቆረጠባችሁ? ደረሰኝ አለኝ።

እነዋሪ፦ የአምናው ስላይድ ደረሰኝ የታለ?

መሐል ሜዳ፦ ወደ ጀሪካኑ እንመለስ።

አንኮበር፦ ልጆች፣ ጀሪካኑን ተዉት። ክሪፕቶ ከ4 እስከ 6 ማይክሮን ብቻ ናት፤ አዮዲን አትቀበልም። በ40 ሌንስ አይታችሁ እርሾውን ሁሉ ክሪፕቶ ልትሉ ነው። ቀልሞ፣ በ100 ሌንስ በማይክሮስኮፕ ዘይት ታይቶ፣ ሰማያዊ መደብ ላይ ቀይ ክብ ካልሆነች አትጻፍም። ጃርዲያም ብትሆን የምንጭ አልጌ ይመስላታል፤ ሞላላ ስላየን ብቻ አይሆንም፣ ኒውክለሷ ይታይ። ውሃው ክሎሪን ገብቶበታል ብሎ የሚዝናናም አለ። ክሪፕቶን ለመጠጥ ውሃ የሚገባው ክሎሪን አይገድላትም።

እነዋሪ፦ ጋሼ፣ እዚያ ላይ ዘይቱ ተፈቀደ ማለት ነው?

መሐል ሜዳ፦ ቀልዱ ይቅር። በአሮጌ ጀሪካን አልፈርምም።

ሸዋ ሮቢት፦ ማቅለሙን የሚያሠለጥነውስ? ምንጃር እኔ አለሁ ብሎ ነበር።

ደብረ ብርሃን፦ ስልኩ አይነሳም።

እነዋሪ፦ እኔ ስለ ደረሰኙ ተናድጄ ነው እንጂ ጠብ የለኝም። ግን ውሃውን ለሁለተኛው ዙር ብንተወውስ? በቅድሚያ ጤና ጣቢያ የሚመጡ ሕፃናት ሰገራ ይታይ። ጀሪካንም ማጣሪያም አይፈልግም።

ሸዋ ሮቢት፦ እሱንማ በየቀኑ እንሠራው የለ?

እነዋሪ፦ ክሪፕቶ መቼ ቀልመን እናውቃለን?

መሐል ሜዳ፦ በዚህ እስማማለሁ።

አንኮበር፦ ውሃ ብለን ተነስተን ሰገራ ላይ ደረስን። ይሁን።

ደብረ ብርሃን፦ እሺ፣ ርዕሱን እቀይረዋለሁ። የጀሪካኑና የማጣሪያው ብር ወደ ሴንትሪፊውጅ ዞሯል። አንድ ይገዛል፣ እኛ ጋ ይቀመጣል።

መሐል ሜዳ፦ ለምን እናንተ ጋ?