ተማሪውንና የግቢ ፖሊሱን እንዴት እናቀራርብ?

ሰላም ለሁላችሁ። የተማሪዎች ህብረት ውስጥ በጸጥታ ጉዳይ ተመድቤ እየሠራሁ ነው። በየዶርሙ የኮሚዩኒቲ ፖሊሲንግ ቡድን፣ ማለትም ተማሪው ከፖሊስ ጋር ተባብሮ ጸጥታ የሚጠብቅበት ቡድን፣ እንድናቋቁም ተነግሮናል፤ ተማሪው ግን ስሙን ለመስጠት እንኳ ፈቃደኛ አይደለም። «ጆሮ ጠቢ» መባልን ይፈራል። አልፈርድበትም፤ በ2012 ዓ.ም. በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ግጭት ተነስቶ የፌዴራል ፖሊስ ግቢ ውስጥ መግባቱን ከቀደሙት ተማሪዎች ሰምቷል። ችግሩ ግን እየባሰ ነው። ከላይብረሪ ወደ ሴቶች ዶርም የሚወስደው መንገድ መብራት የለውም፣ ማታ ማታ ስልክ ይነጠቃል። የተነጠቀችው ልጅ ለፕሮክተር (ለዶርሙ ተቆጣጣሪ) ትናገራለች፣ ነገሩ መዝገብ ላይ ይቀራል፣ ፖሊስ ጋ አይደርስም።

እናንተ ግቢ የተሳካላችሁ ካላችሁ፣ አባላቱን ማን መረጣቸው? ፖሊሶቹ ስብሰባ የሚገቡት ዩኒፎርም ለብሰው ነው? የጠቋሚው ስም እንዳይወጣስ ምን አደረጋችሁ? ከሁሉም ያስጨነቀኝ ይሄ ነው። እባካችሁ የምታውቁትን ጻፉልኝ።