ክርክር፦ ለፓስፊክ ደሴቶች ሴቶች ወንበር በሕግ ይያዝላቸው ወይስ አይያዝ?

አወያይ፦ ሳሞአ በ2013 ሕገ መንግሥቷን አሻሽላ ከፓርላማ መቀመጫ ቢያንስ 10 በመቶው የሴቶች እንዲሆን ደነገገች። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) የፓፑዋ ኒው ጊኒ ራስ ገዝ ክልል ቡገንቪልም በምክር ቤቷ ሦስት ወንበር ለሴቶች ለይታለች። ወጣት ሴቶችን መሪ የሚያደርጋቸው ይሄ ነው? እኔ ኮታው ይቀጥል ባይ ነኝ።

ጋሽ መምህር፦ እኔ አልስማማም። ቲዮኒላ ሮካ ማትቦብን ተመልከቱ። በ2020 የቡገንቪል ምክር ቤት የገባችው ለሴቶች በተለየው ወንበር አይደለም። ኢዮሮ በሚባለው ክልል፣ ለሁሉም ክፍት በሆነው ወንበር ተወዳድራ አሸነፈች። ያኔ ሠላሳ ዓመት ቢሆናት ነው። ያደገችው ፓንጉና የመዳብ ማዕድን አካባቢ ነው። ማዕድኑ በ1989 ቢዘጋም ዝቃጩ እስካሁን ወንዞቹ ውስጥ ተኝቷል። በዚያው በ2020 156 ነዋሪዎች ማዕድኑን ያወጣ የነበረውን ኩባንያ ሪዮ ቲንቶን ለአውስትራሊያ መንግሥት ሲከሱ ከፊት ቆማ ነበር። ኩባንያው በዓመቱ ለጉዳት ጥናቱ ገንዘብ ለማውጣት ተስማማ። ሰው እንዲህ ነው መሪ የሚሆነው።

የሕግ ተማሪዋ፦ ጋሼ፣ ስለ እሷ ያሉት እውነት ነው። ግን በቡገንቪል አብዛኛው አካባቢ መሬት የሚወረሰው በእናት በኩል ነው። ሴት ስለ መሬት ስትናገር ባለቤት ሆና ነው የምትናገረው። ሳሞአ ሌላ ነው። እዚያ ለፓርላማ ለመወዳደር መጀመሪያ ማታይ መሆን ግድ ነው፤ የቤተ ዘመድ አለቃ ማለት ነው። ለመንደሩ የሚገባውንም አገልግሎት ለሦስት ዓመት መወጣት አለ። አንዳንድ መንደር ደግሞ ለሴት የማታይነት ማዕረግ ጭራሽ አይሰጥም። የዚያ መንደር ልጅ የፈለገችውን ያህል ጎበዝ ብትሆን በየት በኩል ትግባ?

ጋሽ መምህር፦ ፊያሜ ናኦሚ ማታአፋ በየት ገባች ታዲያ? ማዕረጉን የያዘችው ገና በሃያ ዓመቷ ገደማ ነው፤ በ2021 የሳሞአ ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነች።

የሕግ ተማሪዋ፦ አባቷ የአገሪቱ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። እናቷም የፓርላማ አባል ነበሩ። እሷን እጅግ አከብራታለሁ፤ ግን የእሷ መንገድ ለስንቷ ይሆናል? እሷም እንኳ አልቀናትም። በግንቦት 2021 ቃለ መሐላ ልትፈጽም ስትሄድ የፓርላማው በር ተቆልፎ ጠበቃት። ዋናው ዳኛም ካባቸውን ለብሰው መጥተው በሩን ሞክረው ተመለሱ። በኋላ ሣሩ ላይ ድንኳን ተተክሎ እዚያው ማሉ።

ቁጥር ወዳጅ፦ ለዚያ ሁሉ ግርግር አንዱ ምክንያት ራሱ ኮታው እኮ ነው። ወንበሩ 51፣ አሥር በመቶው 5.1። የተመረጡት ሴቶች አምስት ነበሩ። ምርጫ ኮሚሽነሩ ስድስተኛ ሴት ከያኔው ገዢ ፓርቲ፣ ከፊያሜ ተቀናቃኝ፣ ሲጨምር ሁለቱ ወገኖች 26 ለ26 እኩል ሆኑ። ፍርድ ቤት ሹመቱን ሰረዘ። ይግባኝ ሰሚው ደግሞ ዝቅተኛው ቁጥር ስድስት ነው፣ የሚሞላው ግን የምርጫ ክሶች ካለቁ በኋላ ነው አለ። ለሴቶች የወጣ ሕግ የሴትን መንግሥት ሊያሰናክል ምንም አልቀረውም ነበር። ኮታ ይውጣ ስትሉ አጻጻፉንም አስቡበት።

ከዱባይ፦ ሁላችሁም ፓርላማ ላይ ተቸክላችኋል። በ2019 ቫኑዋቱ ውስጥ 27 የሕግ ተማሪዎች የአየር ንብረት ጉዳይ ዓለም አቀፉ ፍርድ ቤት ይድረስ ብለው ተነሱ። መሪያቸው የሰሎሞን ደሴቶች ልጅ ሲንቲያ ሁኒዩሂ ናት። በ2024 ፍርድ ቤቱ ወዳለበት ሄግ ድረስ ሄዳ ዳኞቹ ፊት ተናገረች። በሐምሌ 2025 ፍርድ ቤቱ መንግሥታት የአየር ንብረትን የመጠበቅ ግዴታ አለባቸው ሲል አስተያየቱን ሰጠ። ማንም ወንበር አልያዘላትም።

የሕግ ተማሪዋ፦ ወንድሜ፣ ያነሳሃት ቫኑዋቱ በ2012፣ በ2016 እና በ2020 ምርጫ አንዲት ሴት ፓርላማ አላስገባችም። ሦስት ምርጫ ሙሉ! ወጣት ሴቶች ከዚያች አገር ተነስተው ሄግ ድረስ ይሰማሉ፣ እዚያው አገር ውስጥ ግን ስለ ትምህርት ቤትና ስለ ውኃ የሚወስነው ክፍል ውስጥ ከ2012 እስከ 2022 አንዲትም አልነበረችም። እኔን የሚያንገበግበኝ ይሄ ነው። ኮታው ይኑር። ግን ፓርላማ ላይ ብቻ አይቁም፤ ሳሞአ ውስጥ ፎኖ እስከሚባለው የመንደር ሸንጎ ድረስ ይውረድ።

ጋሽ መምህር፦ እዚህ ላይ በጭራሽ! ማታይ የሚሾመው ቤተሰቡ ነው። መንግሥት እጁን ካስገባ ማዕረጉ የፓርቲ ሹመት ይሆናል።

የሕግ ተማሪዋ፦ መንግሥት ይሹም አላልኩም ጋሼ። ቤተሰቡ ሴት ልጁን ሲሾም መንደሩ አልቀበልም እንዳይል ይከልክል ነው የምለው። ቤተሰቡ መርጧት ሸንጎው ሲመልሳት ማን ነው ወጉን ያፈረሰው?