ለጫጩቶቼ በየወሩ አንቲባዮቲክ ልስጥ?

የለገጣፎዋ አርቢ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግቢያችን ውስጥ 150 የእንቁላል ጫጩቶች አስገብቻለሁ። ያመጣልኝ ልጅ «በየወሩ ኦክሲቴትራሳይክሊን በውሃ በጥብጠሽ ስጪያቸው፣ ፈንግል አይነካቸውም» ብሎኛል። ጎረቤቶቼም የሚያደርጉት እንደዚያ ነው። ግን እንቁላሉን የሚበሉት ልጆቼ ናቸው። ኩሱንም ለጓሮ ጎመን አስቤዋለሁ። ምን ትሉኛላችሁ?

የእንስሳት ሐኪም፣ ሰበታ፦
እህቴ፣ እባክሽ አትስጫቸው። ፈንግል የቫይረስ በሽታ ነው። አንቲባዮቲክ ቫይረስን አይነካም። መከላከያው ክትባት ነው፤ በጫጩትነታቸው ኤችቢዋን (HB1) የሚባለው ክትባት በዓይን ጠብታ፣ ቀጥሎ ላሶታ የሚባለው። ላሶታን በውሃ ከሰጠሽ ክሎሪን ያለው የቧንቧ ውሃ አይሁን፣ ክትባቱን ይገድለዋል።

የአንቲባዮቲክ ዱቄቱ ሌላ ጣጣ ነው የሚያመጣው። በዶሮዋ አንጀት ውስጥ መድኃኒቱን የማይችሉት ባክቴሪያዎች ይሞታሉ። የሚቋቋሙት ይተርፉና ይራባሉ። ኢኮላይና ሳልሞኔላ መድኃኒት የሚላመዱት እንዲህ ነው። የሚቋቋሙበትን ዘረመል ለሌላ ዓይነት ባክቴሪያም ያቀብላሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 ቻይና ውስጥ ኮሊስቲንን የሚያከሽፍ ዘረመል በአሳማ፣ በዶሮ ሥጋና በሕሙማን ላይ መገኘቱ ይፋ ሆነ። ኮሊስቲን ሌላው ሁሉ እምቢ ሲል ለሰው የሚሰጥ መድኃኒት ነው። እዚያ ግን ለማደለብ ብለው መኖ ውስጥ ይጨምሩት ነበር!

እኔ በየግቢው ስዞር ይሄን አየዋለሁ። ዶሮ ትንሽ ካሳላት ዱቄቱ ይበጠበጣል። የእውነት የባክቴሪያ በሽታ ሲመጣ ያዘዝኩት አይሠራም። አርቢዋ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። በጣም ያመኛል።

ነርስ ነኝ፦
ዶክተሩ ልክ ነው። እኔ ስለ ወጥ ቤቱ ልጨምር። ዶሮ ወጥ በደንብ ስለሚበስል ባክቴሪያው ይሞታል። አደጋው ጥሬው ሲበለት ነው። በዚያው ቢላዋና መክተፊያ ለሰላጣ ቲማቲም ይከተፋል። በሎሚና በጨው ታጥቧል ብላችሁ አትተማመኑ። መክተፊያውን ለዩ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ። እንቁላልም አስኳሉ እስኪጠነክር ይቀቀል። ኩሱን ለወራት ተከምሮ በደንብ ሳይብላላ ጎመን ላይ አታድርጊው።

የለገጣፎዋ አርቢ፦
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የምር ሲታመሙስ?

የእንስሳት ሐኪም፣ ሰበታ፦
የታመመችውን ለይተሽ ሐኪም ጥሪ። የሞተች ካለች አትጣያት፣ ተከፍታ ትታይ። መድኃኒት ከታዘዘ በልኩ ስጪ፣ አሻሽሏቸዋል ብለሽ መሃል ላይ አታቋርጪ። ማሸጊያው ላይ የተጻፈው የማቆያ ጊዜ እስኪያልፍ እንቁላሉ አይበላም፣ አይሸጥም።